ከመርከቡ በፊት መንገዱን መምረጥ፦ ወደ አላስካ ስለሚደረግ የመርከብ ጉዞ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ እንድናገርበት የተጋበዝሁት ጉዳይ ወደ አላስካ የሚደረግ የመርከብ ሽርሽር እንዴት እንደሚመረጥና ቦታ እንዴት እንደሚያዝ ነው። በዚህ ርእስ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመርከቡ ነው፤ ስንት ምግብ ቤት አለው፣ መዋኛው ስንት ነው፣ ማታ ማታ ምን ትርኢት ይቀርብበታል ይባላል። እኔ ከሌላ በኩል እጀምራለሁ። ወደ አላስካ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በግግር በረዶ ፊት፣ በጠባብ የባሕር ሸለቆ ውስጥና ደን በለበሰ ጠረፍ አጠገብ ለሚያሳልፋቸው ሰዓታት ነው፤ መርከቡ ወደነዚያ ሰዓታት ማድረሻ ነው። ስለዚህ የጉዞውን መርሐ ግብር በቀን ብቻ ሳይሆን በሰዓት ጭምር ያላነበበ ሰው ምን እንደገዛ የሚያውቀው ከተሳፈረ በኋላ ይሆናል። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

መነሻ ወደቡ የቀረውን ብዙ ነገር ስለሚወስን ከእርሱ እንነሣ። ወደ አላስካ የሚሄዱት ትልልቅ መርከቦች በአብዛኛው የሚነሡት ከሁለት ከተሞች፣ ከአሜሪካዋ ሲያትልና ከካናዳዋ ቫንኩቨር ነው። ልዩነቱ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ብቻ ይመስላል፤ ከጀርባው ግን በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። ሕጉ በሌላ አገር ሰንደቅ ዓላማ ሥር የተመዘገበ መርከብ መንገደኞችን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል፤ ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተመዘገቡት እንደ ባሃማስ፣ ፓናማ፣ ቤርሙዳና ኔዘርላንድስ ባሉ አገሮች ነው። በመሆኑም ከሲያትል ተነሥቶ ወደ ሲያትል የሚመለስ መርከብ በመንገዱ አንድ የካናዳ ወደብ መንካት ግድ ይሆንበታል። ይህች ወደብ ብዙውን ጊዜ ቪክቶሪያ ስትሆን፣ መርከቡ የሚደርስባት በአመዛኙ በመጨረሻው ምሽት ነው፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶም ይነሣል። በማስታወቂያው ላይ እንደ አንድ ሙሉ የጉብኝት ወደብ ትቆጠራለች፤ እኔ ግን መርሐ ግብር ሳነጻጽር ከቁጥር አላስገባትም። የሕጉን ጥንካሬ ለመረዳት 2021ን ማስታወስ ይበቃል፤ በዚያ ዓመት ካናዳ በወረርሽኙ ምክንያት ወደቦቿን ለሽርሽር መርከቦች ዘግታ ስለነበር፣ መርከቦቹ ከሲያትል በቀጥታ ወደ አላስካ እንዲሄዱ የአሜሪካ ምክር ቤት ጊዜያዊ ሕግ ማውጣት አስፈልጎታል።

ከቫንኩቨር የሚነሣ መርከብ ጉዞውን ከውጭ አገር ስለሚጀምር፣ ወደ ሰሜን ሄዶ መንገደኞቹን በስዋርድ ወይም በዊቲየር ወደብ አውርዶ እዚያው ሊጨርስ ይችላል። የውኃውም መንገድ ይለያያል። ከሲያትል የሚነሡት አብዛኞቹ መርከቦች ከቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ ወጥተው ክፍት በሆነው ውቅያኖስ ላይ ሲጓዙ፣ ከቫንኩቨር የሚነሡት በደሴቲቱና በዋናው ምድር መካከል ባለው ጠባብና ጸጥ ያለ መተላለፊያ ያልፋሉ። ማዕበል የሚያቅለሸልሸው ሰው ይህን ልብ ማለት አለበት፤ የመጀመሪያውን ቀን ከመርከብ ጫፍ ሆኖ ደኑንና ፏፏቴውን እያየ ማሳለፍ የሚፈልግ ሰውም እንዲሁ። በሌላ በኩል ከሲያትል ተነሥቶ ወደዚያው የሚመለስ ጉዞ የደርሶ መልስ የአየር ትኬት ስለሚበቃው ከወጪም ከድካምም ያድናል። በአንድ አቅጣጫ የሚደረገው የቫንኩቨር ጉዞ ግን በሌላኛው ጫፍ ከአላስካዋ ከተማ ከአንኮሬጅ መብረርን ይጠይቃል፤ ከወደቡ እስከ አንኮሬጅም ባቡር ወይም አውቶቡስ ያስፈልጋል። ከዊቲየር የሚወጣው የየብስ መንገድ ባቡርና መኪና በተራ የሚያልፉበት አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ መሆኑን እግረ መንገዴን ልጥቀስ፤ የበረራ ሰዓት የሚያጣብብ ሰው የዋሻውን ተራ መጠበቅንም ማሰብ አለበት። ወጪው ከተቻለና ጊዜው ከበቃ የእኔ ምርጫ በአንድ አቅጣጫ የሚደረገው ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም ተመላልሶ በአንድ ውኃ ላይ አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ በረዶው እንምጣ። አንድ መርሐ ግብር «የግግር በረዶ እይታ» ብሎ ሲጽፍ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ካልገለጸ፣ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቦታዎቹ እኩል አይደሉምና። ብዙዎች የሚያስቀድሙት ግሌሲየር ቤይ የተባለውን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እኔም ከብዙዎቹ ጋር እስማማለሁ። በ1794 የእንግሊዛዊው የጆርጅ ቫንኩቨር የባሕር ጉዞ ቡድን በዚያ ሲያልፍ፣ ዛሬ ባሕረ ሰላጤ የሆነው ስፍራ በበረዶ ተሞልቶ ስለነበር ያገኙት ከጠረፉ ትንሽ ገባ ያለ ስርጉድ ብቻ ነበር። በ1879 ተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሚዩር በደረሰ ጊዜ በረዶው ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ነበር፤ ዛሬ መርከብ ከባሕረ ሰላጤው አፍ እስከ ጥልቁ ጫፍ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በረዶው ከመስፋፋቱ በፊት ይህ ሸለቆ የሁና ትሊንጊት ሕዝብ መኖሪያ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዘመን እየገፋ የመጣው ግግር ከቤታቸው አስወጥቷቸው ዛሬ ሁና በምትባለው መንደር ሰፈሩ። የእነዚሁ ሰዎች የጋራ ኩባንያ የመንደሪቱ አጠገብ የሆነውን አይሲ ስትሬት ፖይንት የተባለ የሽርሽር መርከቦች ወደብ በባለቤትነት ይዟል፤ ሁለቱን ስፍራዎች በአንድ ጉዞ የሚያጣምር መርሐ ግብር ያገኘ ሰው አንዱን ታሪክ ከሁለት ወገን ያየዋል።

ወደ ግሌሲየር ቤይ በአንድ ቀን መግባት የሚፈቀድላቸው ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ሁለት ብቻ ናቸው። ፈቃዱን የሚሰጠው የፓርኩ አስተዳደር ነው፤ ያልተሰጣቸው ኩባንያዎች መንገደኞቻቸውን ወደ ሌላ ግግር ይወስዳሉ። ፈቃድ ያለው ኩባንያም ቢሆን በየሳምንቱና በየመርከቡ ላይገባ ይችላል፤ ስለዚህ የፓርኩን ስም በኩባንያው አጠቃላይ መግለጫ ላይ ማየት አይበቃም፤ እናንተ በምትሳፈሩበት መርከብና ቀን መርሐ ግብር ላይ መስፈር አለበት። መርከቡ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሲያሳልፍ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች በጀልባ መጥተው ይሳፈሩና ስለሚታየው ሁሉ በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። በዚያ ቀን ወደብ የለም፤ ከመርከቡም ማንም አይወርድም። አንዳንድ መንገደኞች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ እኔ ግን ለዚህ አንድ ቀን ሲባል ሁለት ወደብ ቢቀርም አይጎዳም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ሃባርድ ነው። ርዝመቱ 122 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕሩን የሚገጥመው ፊቱ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ባሕር ድረስ ከሚወርዱት ግግሮች ትልቁ ነው። አብዛኞቹ የአላስካ ግግሮች እያፈገፈጉ ባሉበት ዘመን ይህ ወደፊት ይገፋል፤ በ1986 እና በ2002 ራስል የተባለውን ፍዮርድ፣ ማለትም ጠባብ የባሕር ሸለቆ፣ አፍ ዘግቶ ለወራት ሐይቅ አድርጎት ነበር። ችግሩ ከፊቱ የሚንሳፈፈው በረዶ ነው፤ በተለይ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ በረዶው ሲጠና መርከቡ በርቀት ቆሞ ሊመለስ ይችላል፤ የጉዞ ውሉም ለዚህ ካሣ እንደማይከፈል ይናገራል። ሦስተኛው ምርጫ በጁኖ ደቡብ ያሉት ሁለት ፍዮርዶች፣ ትሬሲ አርምና ኤንዲኮት አርም ናቸው። ገደላቸው ቁልቁል ወደ ባሕር የሚወርድ፣ ጠባብና እጅግ ያማሩ ስፍራዎች ናቸው። ነገር ግን በኦገስት 2025 በትሬሲ አርም ግዙፍ የተራራ መደርመስ ደርሶ ከፍተኛ ማዕበል ስላስነሣ፣ ኩባንያዎች ጉዟቸውን ወደ ኤንዲኮት አርም አዛውረዋል፤ የቆየ የጉዞ መግለጫ የሚያነብ ሰው ይህን ይወቅ። በነዚህ ፍዮርዶች ላይ የማነሣው ሌላ ነገር ሰዓት ነው። መርከቡ ብዙ ጊዜ የሚገባባቸው ጁኖ ከመድረሱ በፊት ባለው ማለዳ ስለሆነ፣ የሁለቱን የቆይታ ሰዓት ደምሮ ማየት ይገባል፤ አንዱ በረዘመ ቁጥር ሌላው ያጥራል።

ስለ ወደቦቹ ባጭሩ እናገራለሁ። ጁኖ የአላስካ ርእሰ ከተማ ብትሆንም ከሌላው ዓለም የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም፤ ነዋሪዎቿ 32,000 ገደማ ናቸው። ከተማዋ ከኩባንያዎቹ ጋር ባደረገችው ስምምነት ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት በላይ ትልልቅ መርከቦችን አታስተናግድም፤ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የሚደርሱት መርከቦች የመያዝ አቅም ተደምሮ በቀን ከ16,000፣ ቅዳሜ ደግሞ ከ12,000 መንገደኛ እንዳይበልጥ ተስማምታለች። ገደቡ ራሱ ከከተማዋ ሕዝብ ግማሽ መሆኑን አስቡት። ስካግዌይ ነዋሪዎቿ 1,200 ገደማ የሆኑ፣ ከ1897 ጀምሮ በክሎንዳይክ የወርቅ ግርግር የተፈጠረች ከተማ ስትሆን፣ ከ1898 እስከ 1900 የተሠራው ጠባብ ሐዲድ ዛሬም መንገደኞችን ዋይት ፓስ ወደተባለው የተራራ መተላለፊያ ያወጣል። ኬቺካን በዓመት ከ3.5 ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልባት በመሆኗ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ሳይዙ የሚወርዱባት አይደለችም። ሲትካ በሩሲያ ዘመን የአላስካ መቀመጫ የነበረች ናት፤ ግዛቲቱ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ተሸጣ በኦክቶበር 1867 ርክክቡ የተፈጸመው በዚያ ነው። በመካከሏ የሚታየው የቅዱስ ሚካኤል ኦርቶዶክስ ካቴድራል ከ1966ቱ ቃጠሎ በኋላ እንደገና የታነጸ ነው። የእያንዳንዱ ወደብ የመርከቦች መድረሻ ሰሌዳ አስቀድሞ ለሕዝብ ስለሚወጣ፣ በመረጣችሁት ቀን ከእናንተ ጋር ስንት መርከብ እንደሚደርስ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማየት ትችላላችሁ።

የጉዞው ወቅት በኤፕሪል መጨረሻ ተጀምሮ በኦክቶበር ያበቃል። ሜይ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ዝናቡ ከሚያንስባቸው ወራት አንዱ ነው፤ ዋጋውም ረከስ ይላል፤ ተራሮቹ ገና በበረዶ እንደተሸፈኑ ናቸው። በጁን መጨረሻ በጁኖ ቀኑ ከ18 ሰዓት ይበልጣል። ጁላይና ኦገስት ሞቃቶቹ ወራት ሲሆኑ፣ ሞቃት ስል ግን በጁኖ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከግግሩ ፊት የሚነፍሰው ነፋስ ከዚያም ያቀዘቅዘዋል። ሳልመን ዓሣ ወደ ወንዞች የሚወጣውና ድቦች ሊያጠምዱት የሚወርዱት በነዚህ ወራት ነው፤ ሰውም ዋጋውም የሚበዛው በነዚሁ ነው። ሴፕቴምበር ዝናባማና ማዕበል የሚበረታበት ቢሆንም፣ ሌሊቱ ስለሚጨልም የሰሜን ዋልታን የሰማይ ብርሃን የማየት ተስፋ የሚገኘው በእርሱ ነው። ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች የብርዱን ወራት በሃዋይ አሳልፈው ለመመገብ ወደ ሰሜን ስለሚመጡ በወቅቱ ሁሉ ይታያሉ። ዋጋና ሰላምን ላመዛዘነ ሰው ሜይ አጋማሽን ወይም የጁንን መጀመሪያ እመክራለሁ፤ ድብ ማየትን ከሁሉ የሚያስቀድም ግን የጁላይን መጨረሻ ቢመርጥ ይሻለዋል።

መርከቡን ራሱን አሁን ማንሣት እንችላለን። ከሁለት ሺህ እስከ አራት ሺህ መንገደኛ የሚይዙት መርከቦች ርካሾች ናቸው፤ ለሕፃናትም ለአረጋውያንም ይመቻሉ፤ ሐኪም ቤትም አላቸው። ከመቶ ያነሱ ሰዎችን የሚይዙት ትንንሽ መርከቦች ዋጋቸው ሁለት ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና በአብዛኛው የየዕለቱን ጉብኝት፣ ካያክ የተባለችውን ቀጭን ጀልባና የዱር አስጎብኚዎችን ያጠቃልላል። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የ1886 ሕግም እዚህ ላይ ይመለሳል፤ ከነዚህ ትንንሽ መርከቦች ብዙዎቹ በአሜሪካ የተመዘገቡ ስለሆኑ ካናዳን ሳይነኩ ከጁኖ ተነሥተው በሲትካ ወይም በኬቺካን መጨረስ ይችላሉ። ወደ ሲያትል ለመመላለስ የሚጠፋው ቀን ስለማይጠፋባቸው ሳምንቱን በሙሉ በዱር ውስጥ ያሳልፉታል። ዋጋን ስታነጻጽሩ አጠቃላዩን ሒሳብ ለቀናቱ ሳይሆን በበረዶና በጠረፍ አጠገብ ለሚያልፉት ሰዓታት አካፍሉት፤ ልዩነቱ መጀመሪያ ከታየው ጠበብ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ካቢን በመምረጥ ረገድ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በረንዳ ያለው ክፍል ደስ ያሰኛል፤ በተለይ ብርድ ለማይችልና ከሕዝብ መካከል መቆም ለማይወድ ሰው። ሆኖም በግግሩ ፊት መርከቡ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሁለቱም ጎን ያያል፤ መስኮት የሌለው ክፍል የያዘ ሰውም ወደ ላይኛው ወለል ከወጣ ከማንም አያንስም። ለበረንዳ የሚከፈለው ልዩነት አንድ የሄሊኮፕተር ወይም የዓሣ ነባሪ ጉብኝት የሚሸፍን ከሆነ፣ ጉብኝቱን እመርጣለሁ። ክፍል ሳይመደብ በደረጃው ብቻ በቅናሽ የሚሸጠው ትኬት የክፍሉን ቁጥር ለኩባንያው የሚተው ነው፤ የነፍስ አድን ጀልባ መስኮቱን ቢጋርደው ወይም ክፍሉ ከጭፈራ ቤት በላይ ቢሆን ቅሬታ ማቅረብ አይቻልም።

ቦታ ማስያዙ ራሱ ሥርዓት አለው። ኩባንያዎች ከጃንዋሪ እስከ ማርች ብዙ ቅናሽና ስጦታ ያቀርባሉ፤ ነገር ግን ተፈላጊ ክፍሎችና ትንንሾቹ መርከቦች ከዓመት በፊት ሊያልቁ ይችላሉ። ሲያዝ ቀብድ ይከፈላል፤ ቀሪው በብዙ ኩባንያዎች ከመነሻው ቀን 90 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይጠናቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሰረዘ ሰው ቀኑ በቀረበ መጠን የሚቀነስበት ይበዛል። ቀብዱ የሚመለስ ወይም የማይመለስ መሆኑን ጠይቁ፤ የማይመለሰው ረከስ ይላል። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ በአብዛኛው ሁለት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር ታስቦ የተተመነ በመሆኑ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሰው እስከ እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል። የወደብ ክፍያ፣ ለሠራተኞች በየቀኑ የሚታሰብ ጉርሻ፣ ኢንተርኔት፣ መጠጥና በየወደቡ የሚደረጉ ጉብኝቶች ሲደመሩ የመጀመሪያው ዋጋ ሌላ መልክ ይይዛል። ጉብኝቱን ከመርከቡ የገዛ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በወደቡ ከሚገኝ አስጎብኚ የገዛ ሰው ይቀንስለታል፣ በሰዓቱ የመመለስ ኃላፊነቱ ግን የራሱ ነው። በሚነሣበት ቀን ወደ መነሻ ከተማው መብረርን ፈጽሞ አልመክርም፤ ከአንድ ቀን በፊት መድረስ ይገባል።

ኢንሹራንስን በተመለከተ አንድ ነገር አጠብቃለሁ። ከነዚህ ከተሞች አብዛኞቹ በመኪና መንገድ የማይደረስባቸው በመሆናቸው፣ ጠና ያለ ሕመም የያዘው ሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚወሰደው በአውሮፕላን ነው፤ ክፍያውም እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የምትገዙት መድን የሕመምተኛ ማመላለሻ በረራን እንደሚሸፍን አረጋግጡ። በማናቸውም ምክንያት መሰረዝን የሚሸፍነው ዓይነት ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተገዛ በአብዛኛው አይገኝም፤ የሚመልሰውም ከፊሉን ነው።

ሰነድን በሚመለከት፣ ከሲያትል የሚነሣ መርከብ እንኳ ቪክቶሪያ ላይ ስለሚቆም፣ ጉዳዩ የሁለት አገር መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል። የካናዳ ቪዛ የሚጠየቅበት ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛውን አስቀድሞ ማውጣት፣ የአሜሪካ ቪዛውም ለብዙ ጊዜ መግቢያ የሚያገለግል መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው የካናዳ ቪዛ ባይጠየቅም፣ ከ2022 ጀምሮ ከነዋሪነት ካርዱ ጋር ጸንቶ ያለ ፓስፖርት መያዝ ግዴታው ነው። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ከመሳፈሪያው ይመለሳል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው አይመለስለትም።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለበዛበት ሰው ሌላ መንገድ መኖሩን ልጠቁም። የአላስካ ግዛት መንግሥት ከ1963 ጀምሮ የሚያስኬደው የሕዝብ ማመላለሻ መርከብ ከዋሽንግተን ግዛቷ ቤሊንግሃም ተነሥቶ በዚያው በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ኬቺካንና ወደ ጁኖ ይሄዳል። ትርኢትም መዋኛም የለውም፤ ካቢን ያልያዘ መንገደኛ በወንበር ላይ ወይም ጣሪያ ባለው የኋላ ወለል ላይ በራሱ መኝታ ያድራል። በግግር ፊት አይቆምም፤ ነገር ግን ከጁኖ ፓርኩ አጠገብ ወዳለችው ወደ ጉስታቨስ የሚሻገር ሰው በፓርኩ ፈቃድ በየቀኑ ወደ ግሌሲየር ቤይ ግግሮች የምትሄደውን የቀን ጀልባ ያገኛል። ጀልባዋ የምትሠራው በሞቃቶቹ ወራት ብቻ ነው፤ የማመላለሻው መርከብም በየቀኑ ስለማይነሣ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀን መጀመሪያ ፈልጎ የአየር ትኬቱን ከዚያ በኋላ መግዛት ይሻላል።